የአጎቴ የስዊድን ደም

አጎቴ ስዊድናዊ ነኝ ብሎ ያምን ነበር። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ያን ያህል ቂል አልነበረም። «ሩቤ» ነበር የሚለው። ሩቡ ስዊድን፣ የቀረው እኛ። ያቺን ሩብ እንደ ርስት ይዞ ከስልሳ ዓመት በላይ ኖረ፤ ሦስቱን ሩብ ደግሞ ሳይፈቅድለት ቤቱ እንደገባ ተከራይ ታገሠው።

ፊት ለፊት «ጋሼ» እያልኩ፣ በ«እርስዎ» ነው የማናግረው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንቱ ብዬዋለሁ፣ ይበቃዋል።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር። ቤቱ ጉለሌ፣ ከዊንጌት ታክሲ መውረጃ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ የእኛ ቤት ከእሱ አጥር ጀርባ። አባቴ በስድስት ዓመቴ ስለሞተ ያደግሁት በእናቴ እጅና በአጎቴ አፍ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነበር የሚነገረን። የአጎቴና የእናቴ አባት፣ ማለትም አያቴ፣ ቀይና ፀጉረ ሉጫ ሰው ነበር። ይህ እውነት ነው፣ ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ። የእሱ አባት ስዊድናዊ ሚስዮናዊ ነበሩ ይባላል፤ ወንጌል የሚያስተምሩ፣ በሽተኛ የሚያክሙ፣ ቅድመ አያቴን በቤተ ክርስቲያን ቃል ኪዳን ያገቡ፣ በመጨረሻም ጣልያን ከአገር አባሯቸው መንገድ ላይ በሐዘን የሞቱ ሰው። አጎቴ ይህን ሲተርክ «በሐዘን» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አያቴ የተወለደው ግን ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። ይህን የደረስኩበት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ለታሪክ ፈተና ሳጠና ነበር። ጣልያን ያባረረው ሰው፣ ጣልያን ራሱ ከተባረረ በኋላ ልጅ ወልዷል። ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። «ዝም በይ፣ እንዳይሰማሽ» አለችኝ። ዕድሜ ልኩን የሰው ፋይል ሲያገላብጥ የኖረ ሰውዬ፣ የገዛ ቤተሰቡን ሁለት ዓመተ ምሕረቶች አንድ ቀን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ አላየም።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ መስታወት የገባለት የአንድ ጢማም ፈረንጅ ምስል ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ «አያቴ ናቸው» ይላል። በአሥራ ሁለት ዓመቴ አቧራ ሳራግፍ አውርጄው ጀርባውን አየሁት፤ የካላንደር ቅጠል ነበር፣ የግማሽ ወር ቀናት ተቆርጠው ቀርተውበታል። መልሼ ሰቀልኩት።

ስዊድናዊነቱ በየቀኑ ሥራ ነበረው። ሐምሌ ላይ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ በሸሚዝ ይወጣል። «ለእኛ ይህ ብርድ አይደለም» ይላል። በየክረምቱ ደረቱን ይታመማል፣ በየክረምቱም ሚስቱ በፌጦ ታሸዋለች። ሠርግ ሲጠራ «እነሱ ሰዓት ያከብራሉ» ብሎ ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ ይደርሳል፤ ከዚያ ወንበር በሚያወርዱት ሰዎች መሃል በከረባት ተገትሮ፣ ይህ ሕዝብ ሰዓት አያውቅም እያለ ያማል።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ስቄ እተወው ነበር።

ሃያ አምስት ዓመቴ ላይ አብሮኝ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ልጅ ሽማግሌ ላከ። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ነበር፣ እሱ የኬሚስትሪ። አባቱ ሽሮ ሜዳ የሚኖሩ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔ ናቸው። ቤተሰቡ እንደ እኛው ጴንጤ ነው፤ እሑድ እሑድ አንድ መዝሙር ነው የምንዘምረው። ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ሳሎን ተቀመጡ፣ አጎቴ በአባቴ ቦታ ሆኖ ተቀበላቸው። እኔ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ቆሜ እሰማለሁ።

«ልጁ የተማረ ነው፣ ጌታን የሚወድ ነው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«አልተጠራጠርኩም» አለ አጎቴ። «አባቱ ምንድን ናቸው?»

«ሸማኔ ናቸው። በእጃቸው ሠርተው ስድስት ልጅ ያስተማሩ ሰው።»

«ይገባኛል። እኔ ሰው አልንቅም። ግን እዚህ ቤት የውጭ ደም አለ። አያቶቻችን ይህን ደም በክብር ነው የሰጡን፣ እኛም በክብር ማስተላለፍ አለብን። ቅር አይበላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ቅር አላላቸውም፤ አፈሩለት። ከመካከላቸው አንዱ የቀረበለትን ለስላሳ ሳይጠጣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ በበሩ ስንጥቅ አይቻለሁ። እናቴ አጠገቤ ቆማ አንዴ እኔን፣ አንዴ መሬቱን ታያለች።

ከበሩ ኋላ አልወጣሁም። ይህን ነው የምናገረው፤ አጎቴን ስንቅ ራሴን እንዳልዘለልኩ እንዲታወቅልኝ። አሥር እርምጃ ነበር። ልጁ በማግስቱ ዊንጌት ታክሲ ተራው ጋ ጠበቀኝ፣ በሌላ መንገድ ዞሬ ገባሁ። ከዚያ «በቃ ይቅርብን» የሚል መልእክት በስልክ ላክሁለት። አሁን አግብቶ ሦስት ልጆች አሉት፣ የአባቱን ሥራ አስፋፍቶ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ከፍቷል። እኔ አላገባሁም። በዚያ የሱቅ መደዳ በኩል አላልፍም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ውጭ አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ለገና ሲመጣ ትንሽ ሣጥን ይዞ መጣ። ምራቅ ተፍተህ በትንሿ ቱቦ ትልካለህ፣ ዘርህ ከየት ከየት እንደሆነ ይነግሩሃል። ለአባቱ ስጦታ መሆኑ ነው። አጎቴ ሣጥኑን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ተቀበለ። «አሁን በሳይንስ ይረጋገጣል» አለ፤ እኔን እያየ፣ ሳይንስ የእኔ ጥፋት እንደሆነ ሁሉ።

ከመትፋቱ በፊት ግማሽ ሰዓት መብላትም መጠጣትም አይቻልም። አፉ ደረቀ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ላይ ሲተፋ የኖረ ሰው የጣት ቁመት ለምታህል ቱቦ ምራቅ አጣ። ልጁ «ትንሽ ቀረህ አባዬ» ይላል፣ ሚስቱ ሎሚ ቆርጣ ፊቱ ላይ ይዛለት ቆማለች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያሞጠሙጣል። እኔ መስኮቱ ጋ ሄጄ ውጭ ውጭውን አየሁ።

ውጤቱ በኢሜይል የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አስጠራኝ። «እንግሊዝኛው የሳይንስ ስለሆነ ነው» አለኝ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ፣ እሱ ከኋላዬ ቆመ። ካርታው ቀለም ተቀብቷል። ሦስት ሩቡ ኢትዮጵያ ላይ ነው። የቀረው ሩብ አብዛኛው ስኮትላንድና አየርላንድ ላይ አርፏል፣ ትንሽ ቁራጭ ደግሞ ኖርዌይ ላይ።

«ስዊድን የት ጋ ነው?» አለኝ።

«የለም ጋሼ።»

«ወደ ታች ውረጂ።»

«ታች የለም። ይኸው ነው፣ አለቀ።»

ወደ ካርታው ጎንበስ አለ። ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ይሰማኛል።

«አጥፍተሽ ክፈቺው።»

አጥፍቼ ከፈትኩት። ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ ለመነሣት ጊዜ ወሰደበት፤ ሁለታችንም ጥቁሩን መስታወት እያየን ጠበቅን። ሲከፈት ያው ስኮትላንድ፣ ያው አየርላንድ። ደስ አለኝ። ንጹሕ ደስታ አልነበረም፣ ግን ትልቅ ነበር። ፊቴን እንደ ነርስ አኮሳትሬ «ይቅርታ ጋሼ» አልኩት።

ወር ሙሉ ከቤቱ አልወጣም፤ የጸሎት ቡድኑንም አስቀረ። ሚስቱ ያዘነ መስሏት ነበር። አላዘነም፣ ቪዲዮ እያየ ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ ደወለልኝ፣ ድምፁ ታድሷል።

«ቫይኪንግ የሚባሉትን ታውቂያለሽ?»

«በስም።»

«አንብቢና ነይ። በምሳው ላይ ሙያዊ አስተያየት ትሰጫለሽ።»

አነበብኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ለሁለት ሳምንት ያህል ስለዚሁ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ በክፋት ጀምሬ እየወደድኩት መጣሁ። ከኖርዌይ በመርከብ የተነሡ ቫይኪንጎች ከሺህ ዓመት በፊት የስኮትላንድን ደሴቶች ይዘዋል፣ አየርላንድም ወርደው ሰፍረዋል። ደብሊን ያደገችው በእነሱ ወደብነት ነው። መጀመሪያ ገዳም ዘረፉ፣ ከዚያ ገበያ ከፈቱ፣ ከዚያ አገቡ። ልጆቻቸው ሁለት ቋንቋ ተናገሩ። አንጥረኞቻቸው ቅርጹ የአየርላንድ፣ ጌጡ የኖርዌይ የሆነ የካባ ማያያዣ መርፌ ሠሩ። ዛሬም በእነዚያ ደሴቶች የኮረብታው ስም ከአንዱ ቋንቋ ነው፣ የሸለቆው ከሌላው። አይስላንድ የምትባለዋን ደሴት ደግሞ አብረው አቀኑ። እዚያ ያለው ሕዝብ የአባቱ መስመር ሲታይ አብዛኛው ኖርዌይ ነው፤ የእናቱ መስመር ሲታይ ግን አብዛኛው አየርላንድና ስኮትላንድ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የባዮሎጂ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። ወንዶቹ መርከብ ላይ ሲወጡ ሴቶቹን ከመንገድ ሰብስበዋል። አንዳንዷ ሚስት ሆና ሄዳለች። ብዙዎቹ ግን ተማርከው፣ ባርያ ሆነው ነው የተጫኑት።

የፋሲካ ለት ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው የቅድመ አያቴ ታናሽ እህት ናት፤ ዘጠና ዓመት አልፏታል፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት ላይ ነው የምትኖረው። እኛ ጴንጤ ስንሆን እሷ ኦርቶዶክስ ሆና ቀርታለች። እማማ እላታለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጾሙ ሲፈታ፣ ታክሲ ተልኮላት ትመጣለች፤ ጥግ ይዛ ትበላለች፣ ማንም አያናግራትም።

አጎቴ ከምሳ በኋላ የታተመ ካርታ ይዞ ቆመ። ኬልቶች፣ ማለትም የስኮትላንድና የአየርላንድ ሰዎች፣ ከስካንዲኔቪያውያን ጋር አንድ ሕዝብ እንደሆኑ፣ ባሕሩ የለያያቸው መስሎ እንዳገናኛቸው፣ ስለዚህ ስኮትላንድ ማለት በሌላ አነጋገር ስዊድን ማለት እንደሆነ ለግማሽ ሰዓት አስረዳ። ጥርሱ መሃል የዶሮ ሥጋ ቀርቷል።

«ባለሙያዋ ትመስክር» አለና ወደ እኔ ዞረ።

«ደማቸው ተቀላቅሏል፣ እውነት ነው» አልኩ።

«ሰማችሁ?»

«ግን ወደዚያ የሄዱት በአብዛኛው ኖርዌዮች ናቸው። ስዊድኖቹ ወደ ምሥራቅ ነው የሄዱት።»

«ጎረቤት አይደሉም እንዴ?» አለ፣ ሰውም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስለ ሴቶቹ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ አፌ ላይ ነበር። የአጎቴ ሚስት «ብይ እንጂ» ብላ እንቁላል ጨመረችልኝ፣ እንቁላሉን በላሁ።

ያኔ እማማ እጅጌዬን ጎተተችኝ። «ምንድን ነው የሚለው?»

«ስለ አያቱ ነው እማማ። ስዊድን ነበሩ እያለ ነው።»

«የቱ ስዊድን? ሾፌሩ?»

ወደ ቤቷ ራሴ አደረስኳት። ታክሲው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ አልጠየቅኋትም፤ ቤቷ ገብታ ነጠላዋን እስክታጣጥፍ ጠበቅሁ።

«ሾፌሩ ማን ነው?» አልኳት።

«የእንግሊዝ ጦር ሾፌር ነዋ። ጣልያን ሲወጣ የመጡት። ትልቅ ማኪና ነበረው። ፀጉሩ እንደ በርበሬ የቀላ፣ አፍንጫው ፀሐይ እየመታው የሚላጥ። እህቴ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ እየወረደች ለወታደሮቹ ወጥ ቤት ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሲይዛት ሸክሟን ማኪናው ላይ ጫነላት። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ይጭንላት ነበር።»

«ስንት ዓመቷ ነበር?»

«አሥራ ሰባት ቢሆናት ነው።»

«ትወደው ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ። የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ለእኔ ብስኩት ይሰጠኝ ነበር።» ነጠላዋን ትራሷ ላይ አስቀመጠች። «ሆዷ ሳይገፋ ጦሩ ሄደ። ልጁን አዝላ እንጨቷን መሸከም ቀጠለች። ሲያድግ ሚስዮኖቹ ትምህርት ቤት አስገቡላት። ስዊድን ትምህርት ቤቱ ነው እንጂ አባትየው መቼ ነበር?»

«ይህን ሁሉ ለምን አልነገሩንም እማማ?»

«ማን ጠየቀኝ? አጎትሽ ሲመጣ ብርቱካን አስቀምጦ ይሄዳል።»

በሳምንቱ ለአጎቴ ነገርኩት። «አርጅታለች» አለ፣ ነገሩም እዚያ ላይ አበቃ።

ወይም ያበቃ መስሎኝ ነበር። በበጋው፣ ምርመራውን በሠራው ድርጅት በኩል፣ ከስኮትላንድ ሰሜን ካለች ደሴት አንዲት አሮጊት ጻፈች። ደማችን ይዛመዳል፣ የአባቴ ወንድም በጦርነቱ ጊዜ በእናንተ አገር የጦር ካሚዮን ሲነዳ ነበር፣ ላያችሁ እፈልጋለሁ ትላለች። አጎቴ ቀጠሮ ያዘ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፎ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ጎኑ።

ሴትዮዋ ሹራብ ለብሳ፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ብቅ አለች። እጇን አወዛወዘችልን። አጎቴ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ።

«ቤተሰቧ መሬት እንደነበራቸው ጠይቂያት» አለኝ።

ጠየቅኋት። ሳቀችና ረዘም አድርጋ መለሰች።

«ጭሰኞች ነበርን ነው የምትለው» አልኩት። «ባለመሬቱ በግ ላርባበት ብሎ ከመሬቱ አስነሣቸው። ከዚያ ዓሣ አጥማጅ ሆኑ።»

«ጭሰኛ?»

«ጭሰኛ።»

ወረቀቱን አየ። «እሺ። ከቫይኪንጎች ጋር ያላቸውን ዝምድና ጠይቂያት።»

አሁን በጣም ሳቀች። እዚህ ደሴት ላይ ሁሉም ቫይኪንግ ነኝ ባይ ነው አለች። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በብርዱ ወራት፣ ወንዶቹ የብረት ቆብ ደፍተው ጀልባ ያቃጥላሉ። ወንድሟ ለዚያ ሲል ዓመቱን ሙሉ ጢሙን ያሳድጋል። ምርመራውን ሲያደርግ ግን አብዛኛው አየርላንዳዊ ሆኖ ተገኘ፤ ሳምንት ሙሉ ማንንም አላናገረም፣ ከዚያ ላብራቶሪው ተሳስቷል አለ። እዚያም ጉለሌ አለ ማለት ነው፤ ሳልፈልግ ሳቅሁ።

«ምን አለች?» አለ አጎቴ። አንድም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩለት።

በጥሞና ሰማኝ። «ይኸው» አለ በመጨረሻ። «ለእነሱም ተሳስቶባቸዋል።»

ሴትዮዋ ወደ ካሜራው ጠጋ አለች። ሾፌሩ የተዋወቃት ልጅስ ማን ነበረች፣ ምን ትሠራ ነበር ብላ ጠየቀች። ከቤተሰባችን ማንም ጠይቆት የማያውቀውን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሰማሁት።

«ስለ ልጅቷ ነው የምትጠይቀው» አልኩት።

«የመኳንንት ልጅ ነበረች በያት።»

ሴትዮዋ እየጠበቀች ነው። እንጨት ተሸካሚ ነበረች፣ አልኳት በእንግሊዝኛ፤ ከተራራው እንጨት እያወረደች ለወታደሮቹ ትሸጥ ነበር፣ ልጇንም በዚያው አሳደገች።

«ምን አልሻት?»

«እንጨት ተሸካሚ ነበረች አልኳት ጋሼ።»

ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ልትመልስ ስትል አጎቴ የኮምፒውተሩን ክዳን ዘጋው። «ውጪ» አለኝ። አልጮኸም። ወጣሁ። በረንዳው ላይ ስደርስ በሩን እንደ ተቀጣ ልጅ ቀስ ብዬ ዘጋሁት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ትምህርት ቤት ስድስት ክፍል ሙሉ ጎረምሳ ጸጥ አሰኛለሁ።

ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። የሚቀጥለውን ፋሲካ ከእናቴ ጋር ቤታችን በላን። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን ዘመዶቹን እንዳገኘ፣ በባሕር ዳርቻ እንደሚኖሩ፣ አገሩ በበግ የተሞላ እንደሆነ ያወራል። በጎቹ እውነት ናቸው። ዘመዶቹን ከመሬታቸው ያስነሡት እነዚያው በጎች መሆናቸውን አይጨምርም። ሰው ሁሉ ያምነዋል፤ አንዲት እህት ባለፈው እሑድ «መልካቸው እኮ ይመሰክራል» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መንግሥተ ሰማያት ሲገባም ስዊድኖቹ በየት በኩል ነው ያሉት ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ሴትዮዋ ለእኔ መጻፍ ጀመረች። አጭር አጭር ደብዳቤ ነው፤ ስለ ንፋሱ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለዚያ ጢማም ወንድሟ። በቅርቡ፣ የልጅቷ ጠባይ እንዴት እንደነበር የሚያስታውስ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ እማማ ወጣሁ። ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋት፣ ጥያቄውን ጮክ ብዬ ነገርኳት።

«እህቴ?» አለች። «ተሳዳቢ ነበረች። ስድቧ አይጣል ነው። ከተማ ውስጥ በሸክሟ የሚስቁባትን፣ ደህና የለበሱትን ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳታወጣ ትሰድባቸው ነበር።»

«ሳታወጣ እንዴት ይሰደባል?»

እማማ ጥርስ በሌለው አፏ የታች ከንፈሯን ወደ አንድ ጎን ጣል አደረገችና ዓይኗን ግማሽ ጨፈነች። ከዚያ እኔን አይታ ሳቀች። «አንቺ ምን ትጠይቂኛለሽ፣ አጎትሽ ባወራ ቁጥር የምታደርጊው ነው» አለችኝ።

ቤት ገብቼ ለሴትዮዋ ስጽፍ ለዚያ ከንፈር የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል አጣሁለት። አንድ ገጽ ሙሉ ወሰደብኝ።